አጋፋሪው ማን ይሁን?

(ለማኅበራችን የሬዲዮ ጣቢያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ መረጥንበት መንገድ፣ በ10ኛው ዓመት በዓል ላይ በሬዲዮ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶቻችን፣
ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣
ውድ ልጆቻችን፣

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከሰፊው ፕሮግራም ላይ ለሬዲዮ ክፍላችን ጊዜ ስለ ሰጠን ምስጋናችን የላቀ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳውቃለን።

እንደምታውቁት በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጎን፣ አንድ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ስክሪንና ከመጫወቻ ካርታ ፓኮ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ሳጥን ተቀምጠዋል። ከሬዲዮው የሚነሣ ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተዘርግቷል። ለቡና የሚመጣ አባል ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀናል። የመጀመሪያው «ይቺ ሳጥን ምን ትሠራለች?» የሚል ነው። ሁለተኛው ነገሩን በቅርብ የተከታተሉ አባላት የሚያነሡት ነው፤ «ሦስት ጊዜ እያፈረሳችሁ የሠራችሁት ለምንድን ነው?» ይሉናል። ዛሬ በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ቆመናል። መልሱ የኮምፒዩተር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ግን የማኅበራችንም ጉዳይ እንደ ሆነ ትረዱልናላችሁ ብለን እናምናለን።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

አማተር ሬዲዮ ለንግድ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲባል ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ ማሰራጫ ከሌላ ባለ ፈቃድ ጋር የሚገናኝበት አገልግሎት ነው። በካናዳ ፈቃዱ የሚሰጠው በፌዴራሉ መንግሥት የኢኖቬሽን፣ የሳይንስና የኢኮኖሚ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 100 ጥያቄዎች አሉት። 70 ያገኘ ያልፋል፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ባሉት፣ ባሕር ተሻግረው በሚሄዱት አጫጭር ሞገዶች ላይ ጭምር እንዲሠራ ይፈቀድለታል። በኦንታሪዮ የሚሰጠው የጥሪ መለያ አብዛኛውን ጊዜ በቪ.ኢ. 3 ወይም በቪ.ኤ. 3 ይጀምራል። የኢትዮጵያ መለያ በኢ.ቲ. ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. ተብሎ ይጠራል።

ምን እንዳልሆነም መናገር አለብን። በ2020 መጨረሻ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት፣ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ እናቶችና አባቶች ወደ ጠረጴዛችን እየመጡ «እስቲ በዚህ ሬዲዮ ከቤተሰቤ ጋር አገናኙኝ» ብለውናል። አንዲት እናት የእኅታቸውን ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ትተውልን ሄደዋል። ለእርሳቸውም ለሌሎቹም እውነቱን መናገር ግድ ሆነብን። በዚያኛው ጫፍ ፈቃድና መሣሪያ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ከአገር ወደ አገር የሦስተኛ ወገን መልእክት ማስተላለፍን በመሠረቱ ለአስቸኳይ ጊዜና ለአደጋ እርዳታ ይወስነዋል። መልእክትን በምስጢር ኮድ መሸፈንም የተከለከለ ስለሆነ የምንናገረውን ማንም ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ አማተር ሬዲዮ ስልክን አይተካም። ይህን ስንነግራቸው የተሰማንን ሐዘን ዛሬም አንረሳውም።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ላይ ነው? ቢባል፣ ቶሮንቶ ራሷ ስትጨልም የሚሠራ መሆኑ ላይ ነው። ኦገስት 14 ቀን 2003 በኦንታሪዮና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ማጣቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዲሴምበር 2013 የዘነበው ዝናብ ዛፉና ሽቦው ላይ እየረጋ 300,000 ያህል የከተማዋን የመብራት ደንበኞች በብርድ አስቀርቷል። ጁላይ 8 ቀን 2022 ደግሞ የአንድ ትልቅ የቴሌኮም ድርጅት መረብ በመላ ካናዳ ስለ ወደቀ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ስልክና ኢንተርኔት አጥቶ ውሏል። በዴቢት ካርድ መክፈል አልተቻለም፤ ወደ 911 መደወል ያቃታቸውም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን በባትሪ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት መኖሩ አዛውንቶቻችንን ለመጠየቅና ከሌሎች ባለ ፈቃዶች ጋር ወሬ ለመለዋወጥ ይረዳል። የሬዲዮ ክፍላችን የተቋቋመውም በዚህ ዓላማ ነው።

የአጋፋሪው ሥራ

ድሮ የሬዲዮ ሰው ጆሮውንና ጣቱን ይዞ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ከዚያ በተጨማሪ ኮምፒዩተር ገብቷል። ለምሳሌ በ1993 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆኑት ጆ ቴይለር ከስቲቭ ፍራንኪ ጋር ሆነው በ2017 ኤፍ.ቲ. 8 የተባለ የመልእክት ዘዴ አውጥተዋል። በዚህ ዘዴ በዓለም ላይ ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ጊዜን በ15 ሰከንድ ይከፋፍሉታል፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል። ጆሮ ከጫጫታው መለየት የማይችለውን ደካማ ድምፅ ኮምፒዩተሩ ይለየዋል። ሰው በኪቦርድ እየጻፈ የሚነጋገርባቸው ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። ያቺ ትንሽ ሳጥን የምትሠራው ይህን ነው። ድምፁን ከሬዲዮው ተቀብላ ወደ ጽሑፍ ትለውጣለች፤ የእኛን ጽሑፍ ደግሞ ወደ ድምፅ ለውጣ ለሬዲዮው ታስረክባለች።

እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያስተናግደው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ይህን ለአባላት ስናስረዳ ከአገራችን ድግስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በትልቅ ድግስ ላይ ወጥ የሚሠሩ አሉ፤ ጠላ የሚቀዱ አሉ፤ የሚበሉ እንግዶች አሉ። አጋፋሪው ግን በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ ይወስናል። ድግሱ ሲያምር «ወጡ ግሩም ነው» እንጂ «አጋፋሪው ግሩም ነው» የሚል ሰው የለም። አጋፋሪው ካልሆነለት ግን ወጡም አይቀመስም። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንደዚሁ ነው። ከሬዲዮው የሚመጣው ድምፅ፣ ሰዓቱ፣ ኪቦርዱ፣ ስክሪኑና ፕሮግራሞቹ ሳይጋጩ እንዲሠሩ የሚያደርገው እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፤ የምናውቀው ይሻላል

ክፍላችን ሥራ ሲጀምር አንድ አባል አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን ሰጡን። በውስጡ ሁላችንም በየቤታችንና በየሥራችን የምናውቀው ዊንዶውስ 10 ነበረ። አልተከራከርንም። ዛሬም ቢሆን ይህ ምርጫ ስሕተት ነበር አንልም። ለአማተሮች የሚጻፈው ፕሮግራም ብዙው ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ነው። በሬዲዮ ኢሜይል ለመላክ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቫራ የተባለው ፕሮግራምም የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው።

ችግሩ ከእኛ ሁኔታ ጋር አለመስማማቱ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከነስክሪኑ ከመቶ ዋት በላይ ይበላ ስለ ነበረ በባትሪ ላይ ብዙ አይቆይም። የእድሳቱን ሰዓት ማስተካከል ስለ ዘነጋን በሥራ መካከል ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ አግኝተነዋል፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ደግሞ ያ አሮጌ ኮምፒዩተር መሥፈርቱን እንደማያሟላ አወቅን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዲያበቃ ተወስኖ ነበር፤ እንደ ተባለውም አበቃ። ስለሆነም ሌላ መፈለግ ነበረብን።

ሁለተኛው ሙከራ፤ የሚያውቀው ይሥራው

ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የተፈጠረች ስትሆን ለገበያ የቀረበችው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ነው። ዓላማዋ ልጆች በርካሽ ዋጋ ፕሮግራም መጻፍን እንዲማሩ ነበር። እኛ የገዛነው በ2019 የወጣውን አራተኛውን ሞዴል ነው። ብዙውን ጊዜ አሥር ዋት እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ለባትሪ ተስማሚ ሆነችልን።

በዚያን ጊዜ ከመካከላችን ኮምፒዩተር በዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ ጎበዝ ወጣት ነበረ። ከአማተሮች አንዱ ሁሉን ነገር አስቀድሞ አዘጋጅቶ በነፃ የሚያድለውን የሊኑክስ ጥቅል አመጣ። ያልተመቸውን ነቅሎ፣ የጎደለውን ራሱ ጽፎ፣ ጣቢያውን አቆመልን። ምን ያህል ያምር እንደ ነበረ የምናውቀው እኛ ነን። ስክሪን እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ያዝዛታል። እኛም አጨበጨብን፤ «እርሱ ያውቃል» ብለን ቁጭ አልን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ አልበርታ ሄደ። ደስ ብሎን መርቀን ሸኘነው። በዲሴምበር 2022 አንድ ምሽት ከእኛ አንዱ የጽሕፈት ቤቱን መብራት ከብሬከሩ ላይ አጠፋ፤ ሳጥኗ እየሠራች ነበር። ሊኑክስም ሆነ ሌላ ሲስተም በካርድ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ከተቋረጠበት ካርዱ ላይ ያለው መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በማግስቱ ሳጥኗ አልነሣም አለች።

ልጁ በስልክ ሊረዳን ብዙ ደከመ። ይሁን እንጂ የጻፋቸው ነገሮች ቅጂ አልነበራቸውም። የምስጢር ቃሉን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥቅሉን ያዘጋጀው አማተርም ሥራውን አቁሞ ኖሯል። ለአንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ብዙ ሥራ ነው፤ አይፈረድበትም። ጣቢያችን እስከ ማርች 2023 ድረስ ዝም አለ። በወጣትነታቸው አገር ቤት በቴሌ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበሩ አንድ አባል አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ በብርዱ ይመጡና ከማይሠራው ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጠው ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዱ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሱንም። እኛ ግን አፈርን።

ሦስተኛው ሙከራ፤ አምስቱ ጥያቄዎች

በማርች ወር ሁለት ምሽት ተቀምጠን ተከራከርን። እስከዚያ ድረስ የምንጠይቀው «የትኛው ሲስተም ይበልጣል?» ብለን ነበር። በሁለተኛው ምሽት ጥያቄውን ለወጥነው። ጋሼ «እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ጣቢያ የሚለካው በጎበዙ ሠራተኛ አይደለም፤ ጎበዙ የታመመ ዕለት በሚገባው ተተኪ ነው» አሉ። ከዚህ በመነሣት አምስት ጥያቄዎች ጻፍን።

አንደኛ፣ ሲበላሽ ከመካከላችን ስንት ሰው ሊጠግነው ይችላል?
ሁለተኛ፣ ካርዱ ቢጠፋ ከባዶ ተነሥተን በአንድ ምሽት እናቆመዋለን ወይ?
ሦስተኛ፣ ከጀርባው ማን አለ? ለስንት ዓመትስ ይጠበቃል?
አራተኛ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል ወይ?
አምስተኛ፣ ፊደላችንን ይጽፋል ወይ?

በነዚህ ጥያቄዎች አራት አማራጮችን መዘንን። አንደኛው በሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ዊንዶውስ መመለስ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ያልፋል፤ ነገር ግን በእጃችን ባለችው ራስበሪ ፓይ ላይ በይፋ የሚደገፍ ስላልሆነ ሌላ ወጪ ይጠይቃል። ሁለተኛው እንደ ቀድሞው አንድ አማተር ያዘጋጀው ጥቅል ነው። ይህ ሁሉን ነገር አሟልቶ ይመጣል፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ሊያልፍ አልቻለም። ሦስተኛው ኡቡንቱ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 የጀመሩት ይህ ሲስተም ጥሩ ድጋፍ አለው። በእኛ ሳጥን ላይ ስንሞክረው ግን ከበድ አለብን። አራተኛው የሳጥኗ ሠሪዎች ራሳቸው የሚያወጡት ራስበሪ ፓይ ኦ.ኤስ. ነው።

የመረጥነው አራተኛውን ነው። መሠረቱ በ1993 የተጀመረው ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ነው። ዴቢያን የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ በብዙ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚያስተዳድሩት ነው። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ አንዱ እትም ሁለት ዓመት ከሚሰጠው የተራዘመ ድጋፍ ጋር አምስት ዓመት ያህል ይጠበቃል። የምንፈልጋቸው የሬዲዮ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በዴቢያን ግምጃ ቤት ውስጥ ተዘጋጅተው ስለሚገኙ ማንም በአንዲት ትእዛዝ ሊጭናቸው ይችላል።

ሁለት ትንንሽ ክርክሮች ቀርተው ነበር። አንደኛው 32 ቢት ይሁን 64 ቢት የሚል ነው። የ64 ቢቱ እትም በፌብሩዋሪ 2022 በይፋ ስለ ወጣና ሞዴላችን ስለሚችለው እርሱን ወሰድን። በ2012 የወጣችው የመጀመሪያዋ ሞዴል በእጁ ያለው ሰው ግን ከ32 ቢቱ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለተኛው ክርክር በወጣቶቹና በታላላቆቹ መካከል ነበር። ወጣቶቹ ስክሪን የማይፈልገውን ቀላሉን እትም ፈለጉ፤ ፈጣን ነው፤ ጥቂት ማኅደረ ትውስታ ይበቃዋል። ታላላቆቹ «ያላየነውን ነገር እንዴት እንማረዋለን?» አሉ። ታላላቆቹ ረቱ። ባለ ስክሪኑን፣ ባለ መስኮቱን እትም ጫንን።

ሰዓቱን እዩት

ከዚያ ፈተና አደረግን። በኖቬምበር 2023 አንድ ቅዳሜ ኢንተርኔቱን ነቅለን፣ ሁሉን አጥፍተን፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ በባትሪ አስነሣን። ሬዲዮው በደንብ ይሰማል። በስክሪኑ ላይ የጣቢያዎቹ ምልክት እንደ ዝናብ ይወርዳል። ነገር ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተነበበችም። ወጣቶቹ ሽቦ ፈተሹ፣ ድምፅ ጨመሩ፣ ድምፅ ቀነሱ። አንድ ሰዓት ያህል ከለፋን በኋላ ጋሼ ከኋላ ሆነው «ልጆች፣ መሣሪያውን ተዉትና ሰዓቱን እዩት» አሉ።

እውነትም ነገሩ ከሰዓቱ ነበር። የእኛ ሞዴል በውስጧ ባለ ባትሪ ሰዓት የላትም። ሰዓትን የምታውቀው ከኢንተርኔት ጠይቃ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ስትጠፋ የነበረውን ሰዓት ይዛ ትነሣለች። ኤፍ.ቲ. 8 ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚለያይን ሰዓት አይታገሥም። ስለዚህ ትንሽ ባለ ባትሪ ሰዓትና ሰዓትን ከሳተላይት የሚቀበል ጂ.ፒ.ኤስ. ገዝተን ገጠምንላት። የሁለቱ ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ምሳ ቢሆን ነው። ያን ዕለት ባንፈትነው ኖሮ ስሕተቱን የምናገኘው ከተማዋ በጨለመችበት ሌሊት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛው በላይ ሦስት ሰዓት ተሰቅሏል፤ የቶሮንቶ፣ የአዲስ አበባና አማተሮች በሙሉ የሚጠቀሙበት የዓለም ሰዓት። የዓለሙ ሰዓት 15:00 ሲል በቶሮንቶ በብርዱ ወራት ከጧቱ 10 ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ልጆቻችን የአገራቸውን የሰዓት አቆጣጠር የተማሩት በዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

ፊደላችን በአየር ላይ

አምስተኛውን ጥያቄ ያነሡት ጋሼ ነበሩ። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የሠሩት የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በነበረበት ዘመን የሠሩ ሰው ናቸውና በባዕድ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ጣቢያ አልዋጥላቸው አለ። ኤፍ.ቲ. 8 ለነፃ ጽሑፍ 13 የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቅደው። በኪቦርድ መነጋገሪያ የሆነው ኤፍ.ኤል.ዲጂ የተባለው ፕሮግራም ግን የዩኒኮድን ፊደላት ይቀበላል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዴቢያን ግምጃ ቤት ውስጥ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም፣ በአማርኛ የሚያስጽፈው መሣሪያም በነፃ አሉ።

ጫንነውና ከጽሕፈት ቤቱ ስካርቦሮ ወዳለው አንድ አባላችን ቤት ፒ.ኤስ.ኬ. 31 በተባለው ዘዴ ላክን። ይህ ዘዴ አዝጋሚ ነው። አንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር ቋንቋ የሦስት የላቲን ፊደል ቦታ ስለሚይዝ አንዲቱ ፊደል ብቻ ከአንድ ሰከንድ በላይ ትወስዳለች። በስካርቦሮ በኩል የነበሩት ሲነግሩን በስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሰ፣ ቀጥሎ ላ፣ ቀጥሎ ም ብቅ አለ። ጋሼ ኪቦርዱን ተቀብለው የራሳቸውን ስም በሁለት ጣት ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱና «በሉ አሁን ጣቢያ ሆነ» ብለው ሄዱ።

ደብተሩ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዋናው ነገር ግን ከሲስተሙ ይልቅ ደብተሩ ነው። ከባዶ ካርድ ጀምሮ ጣቢያው እስኪቆም ያለውን ሥራ ደረጃ በደረጃ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈን ከሳጥኗ አጠገብ አስቀምጠናል። በመሳቢያው ውስጥ ሁለተኛ ካርድ ተዘጋጅቶ አለ። የምስጢር ቃሉ በታሸገ ፖስታ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል። አዲስ እትም ሲወጣ አንቸኩልም፤ ጥቂት ወራት እንጠብቅና በአሮጌው ላይ ከመደረብ ይልቅ በአዲስ ካርድ ላይ ከባዶ እንጭናለን። ይህን የሚሠራው ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። ደብተሩን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል፤ እኛ ቡና እንጠጣለን፤ የተደናቀፈበትን ቦታ በደብተሩ ላይ እናርማለን።

በኦክቶበር 2024 ይህ ተራ ለአንዲት የ16 ዓመት ልጃችን ደረሰ። ፈተናውን አልፋ የራሷን የጥሪ መለያ ያገኘች ናት። በአንድ ምሽት ጣቢያውን ከባዶ አቆመችው። በሳምንቱ ቅዳሜ ጧት እርሷው ተቀምጣ ሳለች በስክሪኑ ላይ በኢ.ቲ. የሚጀምር መለያ ታየ። ከቶሮንቶ እስከ አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ተነበበ። ጠራችው፤ ደግማ ጠራችው፤ አልሰማንም። ሽቦአችን አጭር ነው፤ ጣሪያችን ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ምልክቱ ደክሞ ጠፋ። ልጅቱ ግን ሰዓቱን በመዝገቡ ላይ ጽፋ «ሌላ ቀን እናገኘዋለን» አለች። እኛም እንደዚሁ እናምናለን።

ለማኅበራችን የሚሆን ትምህርት

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃላችን እንመለስ። ለዚህ በዓል ዝግጅት የመጀመሪያውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ስንፈልግ ያገኘነው በአንድ አባል ምድር ቤት ውስጥ፣ በካርቶን ነው። የአባላት ዝርዝር ያለው በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። የአዳራሹን ኪራይ ውል የሚያውቁት አንዲት እኅት ብቻ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ተሸክመውናል፤ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ይሁን እንጂ እኛ በዚያ ወጣት ላይ የሠራነውን ስሕተት ማኅበራችን በእነርሱ ላይ እየሠራ እንዳይሆን እንሰጋለን። «እርሱ ያውቃል» ብሎ ማጨብጨብ ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክሙን በአንድ ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ያሉት ይህን አይተው ነው።

ስለዚህ በበኩላችን ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አምስቱን ጥያቄዎች በማኅበራችን ላይም እናንሣቸው። ለየሥራው ሁለተኛ ሰው ይኑር። ለየሥራው ደብተር ይጻፍ። በየዓመቱም አንድ ቀን ሥራውን የማያውቅ ሰው በደብተሩ ብቻ ይሞክረው። ሁለተኛውን አሥር ዓመት የምንጀምረው በዚህ ቢሆን መልካም ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፈቃድ ፈተናውን ለሚፈልጉ ሁሉ ትምህርት እንሰጣለን። ዕድሜ አይጠየቅም፤ ሴት ወንድ አይባልም፤ ኮምፒዩተር ማወቅም ግዴታ አይደለም። ደብተሩን ለማንበብ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንግዳችን ነው፤ ቡናው ከእኛ ነው።

መልካም በዓል ይሁንልን፤ ለሃያኛው ዓመት በሰላም ያድርሰን።